አሳላፊው መቼ ይበላል?

ብዙ ሰው ተሰብስቦ የሚበላበትን ቤት ስመዝን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ወጡ ወይም ስለ እንጀራው አይደለም፤ የሚያሳልፈው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ እርሱ ራሱም መቼና የት እንደሚበላ ነው። አዳራሹ የሰፋ፣ ምግቡም የማያሳፍር ሆኖ ሳለ አንድ ሺህ ሰው ለየብቻው የሚበላበትን ቤት አይቻለሁ። ጣሪያው በጥላሸት የጠቆረ፣ ወጡም ከውኃ ብዙ የማይርቅ፣ ነገር ግን ገብቶ የተቀመጠ ሁሉ ከማን ጋር እንደበላ የሚያውቅበትን ቤትም አይቻለሁ። በሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ሁለቱንም የማየት ዕድል አለው፤ የሰንበቴ ቤቱ፣ ደጀ ሰላሙ፣ ገዳሙ፣ የጥንቱ የግብር አዳራሽ ትዝታና የዛሬው የተማሪዎች ምግብ ቤት ሁሉም በአንድ አገር ውስጥ፣ ተቀራርበው ይገኛሉና።

ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሜ ያወቅሁት ሰንበቴ ቤትን ነው። በመንዝም ሆነ በተጉለት ገጠር ብዙ ደብር በቅጥሩ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፈቀቅ ብሎ የተሠራ ሰንበቴ ቤት አለው፤ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቀድሞ ሣር ዛሬ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ዙሪያውን መደብ ነው። አባላቱ በየሰንበቱ ተራ ይገባሉ፤ ተራው የደረሰው ቤተሰብ ጠላውን፣ ዳቦውን፣ ንፍሮውን፣ እንደ ወቅቱም ወጡን ወይም ስልጆውን ይዞ ይመጣል። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ካህኑ ይባርካሉ፣ የማኅበሩ መሪ የሆነው ሙሴው አባላቱን ያስቀምጣል፣ ለታመመና ለቀረ አባል መክፈልት ይነሳለታል፣ በደጅ ለተቀመጡ ድኆችም ድርሻቸው ይወጣል። ይህን ሥርዓት ለማያውቅ ሰው ነገሩ የእሑድ ግብዣ ሊመስለው ይችላል። ግብዣ ቢሆን ኖሮ ግን ጋባዡ በክብር ይቀመጥ ነበር፤ በሰንበቴ ተረኛው አይቀመጥም። ዋንጫው ሁሉ እስኪሞላ፣ ዳቦው ሁሉ እስኪዳረስ ድረስ ቆሞ የሚዞረው እርሱ ነው።

በልጅነቴ ያስደነቀኝ ይኸው ነበር። ብዙ በሬ ያለው፣ በአገሩ ሸንጎ ቃሉ የሚሰማ፣ በሌላው ቀን ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ የሚቀበለው ሽማግሌ፣ ተራው በደረሰበት ሰንበት ጋቢውን አገልድሞ፣ በመሬቱ ላይ በእኩል ለሚያርስለት ሰው ጎንበስ ብሎ ጠላ ሲቀዳ አይቻለሁ። በማግስቱ ሰኞ ሁሉም ወደ ቦታው እንደሚመለስ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሰንበቴ የመሬት ሥሪትን አልለወጠም፣ ሀብትንም አላካፈለም። ሆኖም በአገሩ አንድም ሰው አሳላፊ ሳይሆን ተበይ ብቻ ሆኖ እንዳይኖር የሚያስገድድ ሥርዓት መኖሩ በራሱ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ በማውቀው ሰንበቴ የዳቦው ብዛትና የጠላው መጠን አስቀድሞ ተወስኖ ነበር፤ ምክንያቱም ያለው ሰው ከወሰኑ ካለፈ የሌለው ሰው ተራው ሲደርስ ያፍራል፣ ወይም ተበድሮ ይደግሳል። «ከቁርጡ ያለፈ ለእግዜር ሳይሆን ለስም ነው» ይሉ ነበር አረጋውያኑ፤ ያለፈውንም ሰው በግልጽ ይወቅሱት ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ሥዕሉ ከእውነቱ በላይ ያምራል። ብቅሉን ያበቀለች፣ ጌሾውን የወቀጠች፣ ሳምንቱን ሙሉ ያልተኛች ሴት በተራው መዝገብ ላይ ስሟ የለም፤ ተራው የባሏ ይባላል። ባል በሰንበቱ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ዋንጫ ይዞ ቆሞ ትሑት ተብሎ ይመሰገናል፣ እርሷ ደግሞ ያንኑ ትሕትና በየቀኑ ያለ ምስጋና ትሠራዋለች። ስለ አሳላፊነት ክብር የሚናገር ሰው ከምድጃው አጠገብ ያለውን የሥራ ሰዓትም አብሮ ቢቆጥር እመርጣለሁ። የሴቶች ማኅበራት በዚህ ረገድ ይሻላሉ፤ ተራውም ድካሙም ምስጋናውም በአንድ ሰው ላይ ነውና።

ደጀ ሰላሙ ከሰንበቴ ቤቱ የተለየ ጠባይ አለው። እዚያ ከቅዳሴ በኋላ የሚበሉት ካህናቱ ናቸው፤ አቀማመጡም በማዕረግ ነው፤ መሪጌታው፣ ቀሳውስቱ፣ ዲያቆናቱ እንደየደረጃቸው። የሚያሳልፉት የቆሎ ተማሪዎች ናቸው፤ የሚበሉትም መጨረሻ ላይ፣ ከቀረው ነው። ይህን ብቻ ያየ ሰው የቆሎ ተማሪን የሌላው ገበታ አገልጋይ ብቻ አድርጎ ሊያስበው ይችላል። የእርሱን ገበታ ለማየት ግን ከደብሩ ወጥቶ ወደ ጎጆዎቹ መሄድ ያስፈልጋል።

ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የዞረ ተማሪ ያገኘውን ቁራሽ ለራሱ አያስቀምጥም፤ ወደ ጎጆው ሲመለስ የሁሉም አኮፋዳ በአንድ ላይ ይራገፋል። ቸር መንደር የደረሰው ብዙ ያመጣል፣ ውሻ የበዛበት መንደር የደረሰው ባዶውን ሊመለስ ይችላል፣ የታመመው ጨርሶ አልወጣም፤ ሁሉም ግን ይበላሉ። የመንዝና የተጉለት ደጋ የገብስና የባቄላ አገር በመሆኑ የሚለመነው ቁራሽ በአብዛኛው የገብስ ነው፤ የተረፈው በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ ሆኖ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። በትምህርት የገፋ፣ ለታናናሾቹ ቀለም የሚነግር ተማሪ ከልመናው ያርፋል፤ ድርሻው ግን አይጓደልም፤ ለቁራሹ ምላሽ ትምህርት ይሰጣልና። አዳራሽ የለም፣ ጠረጴዛ የለም፣ የምግብ ዝርዝር የለም፤ ነገር ግን ከብዙ የታነጸ አዳራሽ ይልቅ የጋራ ማዕድ የሚለው ስም ለዚያ ጎጆ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በቆላው በኢፋት በኩል፣ ከሼኾች ዘንድ ቁርኣንና ኪታብ የሚማሩት ደረሶችም ሕዝቡ በሚሰጣቸው እህልና ምግብ ላይ ተመሥርተው ሲማሩ ኖረዋል። በአንድ አገር ደጋውና ቆላው፣ ሁለቱ ሃይማኖቶች፣ ተማሪን የማኖርን ነገር በተቀራራቢ መንገድ ፈትተውታል።

ወደ ገዳሙ ስንመጣ ነገሩ ይጠነክራል። በአገራችን የምንኩስና ኑሮ የአንድነትና የቁሪት ተብሎ ይለያል፤ በቁሪት ገዳም መነኩሴው የራሱን እህል በራሱ በዓት ያበስላል፣ በአንድነት ገዳም ግን የግል ገንዘብ የለም፣ የተሠራው ወደ አንድ ጎተራ ይገባል፣ ከአንድ ቤትም ይወጣል። በየቀኑ ለአንድ መነኩሴ የሚደርሰው ድርሻ መቁነን ይባላል። በአንዳንዱ ገዳም ማኅበሩ በአንድነት ተቀምጦ ጸሎተ ማዕድ ደርሶ ይበላል፤ በሌላው ደግሞ ሁሉም መቁነኑን ከአንድ ቦታ ተቀብሎ ወደ በዓቱ ይሄዳል። ስለዚህ የአንድነት ኑሮ የግድ ረጅም ጠረጴዛና ሰፊ አዳራሽ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መጋቢው ለአበ ምኔቱና ትናንት ለመጣው ረድእ ከአንዱ እንጀራ መቁረሱን ነው። በወልቃይት በኩል ያለው የዋልድባ ገዳም መነኮሳት እህል የሚባለውን ትተው ከሙዝ በሚዘጋጅ ቋርፍ እንደሚኖሩ ይታወቃል፤ የምግቡ ዓይነት ይህን ያህል ሊለያይ ይችላል፤ የድርሻው ሥርዓት ግን ያው ነው።

የምንኩስናችን የቆብ ሐረግ ከአባ እንጦንስ በአባ መቃርስና በአባ ጳኩሚስ በኩል ወደ አቡነ አረጋዊ ወርዶ፣ ከዚያም በሐይቁ በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ አልፎ ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይደርሳል። ከእነዚህ አባቶች መካከል ስለ ማዕድ ሥርዓት ስሙ የሚነሣው አባ ጳኩሚስ ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በላይኛው ግብፅ፣ ጣቤኒሲ በሚባለው ስፍራ በየብቻቸው ይኖሩ የነበሩትን ባሕታውያን በአንድ ቅጥር ሰብስቦ አንድ ላይ ማብላት ሲጀምር፣ ከመልአክ ተቀበለው በሚባለው ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጽፈዋል። አንደኛው፣ መነኮሳቱ ሲበሉ አንዱ የሌላውን አበላል እንዳያይ ራሳቸውን በቆባቸው ይሸፍኑ ይላል። ሁለተኛው፣ ሁሉም እንደ ጉልበቱ ይብላ ይጠጣ፣ ሥራውም በዚያው ልክ ይሰጠው፣ መጾም የፈለገውም መብላት የፈለገውም አይከልከል ይላል።

ሁለተኛው ትእዛዝ እኩል ማለት አንድ ዓይነት ማለት አለመሆኑን ገና ከጅምሩ ያወቀ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር የዋለ ወጣትና ሰማንያ ዓመት የሞላው አረጋዊ አንድ ዓይነት ኩርማን ቢሰጣቸው አንዱ ይራባል፣ የሌላው ይተርፋል። ድርሻው እንደ ጉልበት ከሆነ ደግሞ ቅናት መምጣቱ አይቀርም፤ «ለእርሱ ለምን በዛ?» የሚል ዓይን ይነሣል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ትእዛዝ ጥቅም ይገለጣል፤ ቆቡ የሚሸፍነው የበላተኛውን ፊት ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ገበታ ነው። ብዙ የሚበላው አያፍርም፣ ጥቂት የሚበላውም አይመካም። እኔ ይህን ሳነብ መነኮሳቱ ስለ ሰው ጠባይ ያላቸው ዕውቀት ከብዙ ዘመናዊ አስተዳዳሪ እንደሚበልጥ ተሰምቶኛል።

ደብረ ሊባኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሲመሠረት ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ የዛሬውን ስም ያገኘው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ነው። ታኅሣሥ 24፣ ግንቦት 12 እና ነሐሴ 24 በሚውሉት በዓላት ወደዚያ ገደል አፋፍ የሚወርደው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የገዳም ማዕድ የመነኮሳት ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ እንግዳ መቀበል የሥርዓቱ አካል ስለሆነ ማኅበሩ ካለው ላይ ያካፍላል። ከመንገደኞች ጋር ተሰልፌ ከአንድ የሸመገሉ መነኩሴ እጅ ዳቦና ንፍሮ ስቀበል «እርስዎስ አባ፣ አልበሉም?» ብላቸው «ተረኛ ነኝ እኮ ልጄ፤ ተረኛ ከሰው በፊት ይበላል?» ብለው ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ። የተረኛነቱ ነገር ለእርሳቸው ማብራሪያ የሚያስፈልገው አልነበረም።

ይኸው የግንቦት 12 በዓል በ1929 ዓ.ም. የመከራ ቀን ሆነ። በግራዚያኒ ላይ በየካቲት የተጣለውን ቦምብ ተከትሎ፣ የፋሺስት ጦር በጄኔራል ማሌቲ መሪነት ገዳሙን ከበበ፤ በማግስቱ መነኮሳቱ በጭነት መኪና እየተወሰዱ ተረሸኑ። የጣሊያኖቹ ቴሌግራም 297 መነኮሳት መገደላቸውን ይገልጻል፤ ከዚያም በመጀመሪያ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው የነበሩት 129 ዲያቆናት ከጥቂት ቀናት በኋላ ተገደሉ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች የሟቾቹን ቁጥር ከዚህ እጅግ አልቀው ያስቀምጡታል። ይህን እዚህ የማነሣው ለታሪኩ ብቻ አይደለም። የአንድ ገዳም የማዕድ ሥርዓት በጽሑፍ የሚኖረው በጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው ሽማግሌው ለረድኡ፣ ረድኡ ደግሞ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው በእጅ እያሳየ የሚያስተላልፈው ነው። ሽማግሌዎቹንም ታዳጊዎቹንም በአንድ ሳምንት ውስጥ የገደለ ሰው ያንን ሰንሰለት ከሁለቱም ጫፍ በጥሶታል፤ ገዳሙ ከነጻነት በኋላ እንደገና መቆሙ ለእኔ ከሕንፃው መታደስ በላይ የሚያስደንቅ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሳላፊነት የዘመናት ጥያቄ መሆኑን ለማየት ከሐዋርያት ሥራ 6ኛው ምዕራፍ መጀመር ይቻላል። በኢየሩሳሌም ምእመናን መካከል የተነሣው ማጉረምረም በየቀኑ በሚታደለው ምግብ ላይ የተነሣ ነበር፤ ግሪክኛ ተናጋሪ የነበሩት አይሁድ መበለቶች ድርሻቸው ይዘነጋል ተባለ። ሐዋርያቱም ለማዕዱ አገልግሎት እስጢፋኖስን ጨምሮ ሰባት ሰዎች አስመረጡ። ሰባቱን የመረጡት በእንጀራ ቆረጣ ጥበባቸው አልነበረም፤ በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስና ጥበብ የሞላባቸው እንዲሆኑ ነበር የተጠየቀው። ዛሬ ለአንድ ትልቅ ምግብ ቤት ኃላፊ ስንቀጥር የምንጠይቀው የልምድ ደብዳቤ ነው፤ የትኛው እንደሚሻል ለአንባቢ እተወዋለሁ።

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢጣልያ የኖረው ቤኔዲክቶስ ለገዳማቱ በጻፈው 73 ምዕራፎች ባሉት ሥርዓት ውስጥ 35ኛውን ምዕራፍ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቶታል። ወንድሞች እርስ በርሳቸው ይተናነሱ፣ ከታመመ ወይም በሌላ ከባድ ሥራ ከተያዘ በቀር ማንም ከወጥ ቤት ተራ ነጻ አይሁን ይላል። ተራው በሳምንት ነው፤ ቅዳሜ ሲደርስ የሚወጣው ተረኛ ዕቃውን ሁሉ አጥቦ ያስረክባል፣ ከሚገባው ጋር ሆኖም የወንድሞችን ሁሉ እግር ያጥባል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን አንድ ትንሽ አንቀጽ ነው፤ ተረኞቹ በማዕዱ ጊዜ ሳያጉረመርሙና ሳይደክሙ እንዲያገለግሉ ከማዕዱ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ጥቂት ዳቦና መጠጥ ከድርሻቸው በላይ ይሰጣቸው ይላል። የተራበ አሳላፊ በበላተኛው ላይ ቂም እንደሚይዝ ያወቀ ሰው የጻፈው ነው። የአውሮፓ ጥንታውያን ኮሌጆች ረጅሙን ገበታና ጸሎተ ማዕዱን ይዘው ሲቀጥሉ መምህራኑን ከፍ ባለ መድረክ ላይ አስቀምጠው ተራውን ግን ተዉት፤ ማሳለፉ የተቀጣሪ ሥራ ሆነ። ለተማሪ ቤት ምግብ አዳራሽ የተረፈው ይኸኛው ቅርጽ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ሸዋ የራሱ የሆነ ትልቅ የጋራ ማዕድ ነበረው፤ ግብር። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሳይወጡ በፊት መናገሻዎቻቸው አንኮበርና ከደብረ ብርሃን አጠገብ ያለችው ልቼ ነበሩ፤ ግብሩም በዚያው ይበላ ነበር። ንጉሡ በመጋረጃ ውስጥ ከቅርብ ሹማምንት ጋር ይመገባሉ፤ ከዚያ መጋረጃው ይከፈትና ሌላው እንደየማዕረጉ ይገባል፣ መኳንንቱ፣ ከዚያ ወታደሩ፣ ከዚያ ባላገሩ። ሥጋው እንኳ በብልት ይለያል፤ ለማን የትኛው እንደሚሰጥ የታወቀ ነው። ግብር ሕዝብን አብልቷል፣ መንግሥትንም ከሠራዊቱ ጋር አስተሳስሯል፤ ይህን አላቃልለውም። ነገር ግን መጋረጃውን ከጳኩሚስ ቆብ ጋር አነጻጽሬ ሳየው ሁለቱ ፊት የሚሸፍኑበት ምክንያት የማይገናኝ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ቆቡ እኩዮች እንዳይተያዩና እንዳይነጻጸሩ ነው፣ መጋረጃው ግን ማን ከውስጥ ማን ከውጭ እንደሆነ ሁሉም አይቶ እንዲያውቅ ነው። በግብርም አሳላፊ አለ፤ እንዲያውም የተከበረ የቤተ መንግሥት ሥራ ነው፤ ነገር ግን ተራ አይደለም፣ ሹመት ነው። አሳላፊው ጠጅ የሚቀዳላቸው ጌታ አንድ ቀን እንደማይቀዱለት ያውቃል።

ዛሬ በሰሜን ሸዋ ብዙ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚበላበት ቦታ የትኛው ነው ቢባል መልሱ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ምግብ ቤት ነው። ደብረ ብርሃን ለረጅም ዘመን የመምህራን ማሠልጠኛ ከተማ ሆና የቆየች ናት፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሆናለች። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ምግብ ቤት አሠራር በአገሩ ሁሉ ተመሳሳይ ስለሆነ፣ እኔ ሌላ አገር ሄጄ የተማርሁበትንም እዚህ የሚማሩት ዘመዶቼ የሚነግሩኝንም አንድ አድርጌ መናገር እችላለሁ። ተማሪው ሚል ካርዱን ይዞ ይሰለፋል፣ ተቆጣጣሪው ቲከር ካርዱን ያያል፣ ተማሪው ሳህኑን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፣ ከመስኮቱ ወዲያ ያለች ሴት እንጀራውን ታነሳለች፣ ሌላዋ በጭልፋ ወጡን ትጨምራለች። የሴቶቹን ፊት ለአራት ዓመት በየቀኑ አይቶ ስማቸውን ሳያውቅ የሚመረቅ ተማሪ ብዙ ነው፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ።

የዚህን ቤት እኩልነት መካድ አይቻልም። የባለ ሥልጣን ልጅና የአርሶ አደር ልጅ አንድ ጭልፋ ይደርሳቸዋል፤ በግብር አዳራሽ ይህ አይታሰብም ነበር። ድርሻው ግን ጳኩሚስ የፈራው ዓይነት እኩልነት ነው፤ ለገዘፈውም ለቀጠነውም ያው አንድ ጭልፋ። ለአንድ ተማሪ በቀን ይመደብ የነበረው 15 ብር የገበያው ዋጋ እየናረ ሲሄድ ለብዙ ዓመታት ባለበት በመቆየቱ ጭልፋው እየሳሳ መሄዱን በዚያ ዘመን የተማረ ሁሉ ያስታውሳል። ደግሞም ነጻ የሚመስለው ይህ ማዕድ ነጻ አይደለም፤ በ1995 ዓ.ም. በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ የትምህርቱንም ከፊል፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ የሚከፍለው ዕዳ አድርጎ ይፈርማል። ካፌ የማይበላ ተማሪም «ኖን ካፌ» ሆኖ ገንዘቡን በእጁ መቀበል ይችላል። ስለዚህ ተማሪው በገዳሙ እንዳለ መነኩሴ የማኅበሩ አባል አይደለም፣ በሰንበቴው እንዳለ አባልም ተራ አይደርሰውም፣ የንጉሥ እንግዳም አይደለም፤ በዱቤ የሚበላ ደንበኛ ነው። ደንበኛ ደግሞ ወጡ ሲቀጥን የሚቆጣው በመስኮቱ ወዲያ በምትታየው ሴት ላይ ነው፤ በጀቱን የወሰነው ሰው ግን በመስኮቱ አይታይም። በየጊዜው በምግብ ምክንያት የሚነሣው ረብሻ መጀመሪያ የሚሰበረው ሳህንና መስኮት የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ተማሪዎቹ ግን ለዚህ አሠራር ሙሉ በሙሉ አይገዙም። ሦስትና አራት ጓደኛሞች ለየብቻ የተቀበሉትን ሳህን ይዘው ወደ አንድ ጠረጴዛ ይሄዱና ሁሉንም በአንድ ሳህን ላይ ይደፉታል፤ ዘግይቶ የመጣ ጓደኛቸውን ድርሻ ይጠብቁለታል፤ ጎበዙ በላተኛ ከቀስተኛው ፊት ትንሽ ያነሣል፣ ማንም አይቆጥርበትም። በዚያ ቅጽበት ጭልፋው በእኩል ያካፈለው ነገር እንደ ጉልበት ይካፈላል። ማንም ሥርዓተ ጳኩሚስን አላስተማራቸውም፤ ከቤታቸው ከመሶቡ ዙሪያ ይዘውት የመጡት ነው። በዐቢይ ጾም ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙት፣ በረመዳን ደግሞ ለኢፍጣርና ለሱሑር የሚሰበሰቡት ተማሪዎች የራሳቸውን አስተባባሪዎች መርጠው፣ እንጀራ ተሸክመው፣ ውኃ ቀድተው ጓደኞቻቸውን ሲያሳልፉ አይቻለሁ፤ እነዚያ አስተባባሪዎች የሚበሉት ከሁሉ በኋላ ነበር። በአንድ ሕንፃ ውስጥ፣ በዚያው ወጥ፣ በዚያው ሳህን፣ ሌላ ዓይነት ማዕድ ሲሆን ያየሁት በእነዚህ ወቅቶች ነው።

ታዲያ ተማሪው ሁሉ በተራ ያሳልፍ ብዬ ብጽፍ ቀላል ነበር፤ ይህን ሐሳብ ለአንድ የምግብ ቤት አስተዳዳሪ ወዳጄ ባነሣለት ሳቀብኝ። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ተማሪ በሁለት ሰዓት ውስጥ መብላት አለበት፣ የንጽሕና ጉዳይ አለ፣ የጤና ምርመራ ካርድ አለ፣ ተማሪው ክፍል አለበት አለኝ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ጳኩሚስም ብዙ ሰው ይመግብ ነበር፣ የእርሱም መነኮሳት ሥራ ነበረባቸው። ከወዳጄ መከራከሪያዎች ሁሉ የከበደብኝ መጨረሻ ላይ የተናገረው ነው፤ ተማሪው በነጻ ካሳለፈ፣ በዚያ ሥራ ልጆቿን የምታሳድገው ሴት ምን ትሁን? ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም በአንዲት ሴት ደመወዝ ላይ የተማሪን ትሕትና የማስተምር ሰው መሆን አልፈልግም።

ስለዚህ የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነገር ነው። በብዙ ቦታ እነዚያ ሠራተኞች የሚበሉት ተማሪው ወጥቶ ካለቀ በኋላ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ከምድጃው ጎን በርጩማ ላይ ነው። ቤኔዲክቶስ እንዳደረገው ከሰልፉ አንድ ሰዓት በፊት ቁርጥ ያለ የምግብ ጊዜ ይሰጣቸው፤ ቦታውም አዳራሹ ይሁን፣ ተማሪው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ፣ ተማሪው በሚበላበት ሳህን። በሚል ካርድ ሰሌዳው አጠገብም የዕለቱ አብሳዮችና አሳላፊዎች ስም ይለጠፍ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀትና የሰዓት ሰሌዳ ማስተካከል ብቻ ስለሆነ በጀት የለም የሚለው መልስ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ወዳጄም ይህን ሲሰማ አልሳቀም፣ የፈረቃውን መዝገብ አውጥቶ ማገላበጥ ጀመረ።